ፊቴ ይነዳል፤ ቡናውን ልተው ወይስ ቅባቱን?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የቆዳ ሐኪም መልስ፦ ከጎንደር

ጥያቄ

እንደምን ከረሙ ዶክተር? 41 ዓመቴ ነው፤ እዚሁ ጎንደር አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ሳሙና በር ነው። መልኬ ጠይም ነው። ከ3 ዓመት ወዲህ ፊቴ ይነዳል። ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ እንጀራ ስጋግር፣ ቡና ስጠጣ፣ ከፀሐይ ስገባ ጉንጬና አፍንጫዬ ፍም የተጠጋ ይመስል ይግላል። ከዚያ እንደ ብጉር ያለ ነገር ይወጣል፤ ሲጨምቁት ግን ምንም የለውም። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ፤ ይብሱን አቃጠለኝ። አንድ መድኃኒት ቤት የሰጡኝ ቅባት መጀመሪያ ተአምር ሠራ፤ በሳምንት ፊቴ ጠራ። አሁን 8 ወር ሆነኝ፤ ሁለት ቀን ካልተቀባሁት ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ዓይኔንም አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ «ሮዛሺያ ሳይሆን አይቀርም፤ ኢቨርሜክቲን የሚባል ክሬም አለ፣ በጥናት 83 በመቶ ያድናል፣ ቡናም አቁሚ» አለኝ። ክሬሙን ይላክልኝ? ቡናውንስ ማቆም የግድ ነው?

መምህርት ነኝ፣ ከሳሙና በር

መልስ

እህቴ፣ የእህትዎ ልጅ ግምቱ አልከፋም፤ እንደጻፉልኝ ከሆነ ሮዛሺያ፣ ማለትም ፊትን እያነደደ ብጉር መሰል ሽፍታ የሚያወጣው የቆዳ በሽታ፣ ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ደብዳቤዎ ውስጥ ያስደነገጠኝ «ሁለት ቀን ካልተቀባሁት ከበፊቱ ብሶ ይመጣል» ያሉት ነው። ይህን አነጋገር ከታካሚዎቼ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ቃሉ እንኳ አይለወጥም።

ቱቦውን ያገላብጡና በትንንሹ የተጻፈውን ያንብቡት። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን ወይም ፍሉኦሲኖሎን የሚል ካገኙ ስቴሮይድ የሚባለው የቆዳ ቁጣ ማብረጃ ነው። አንዳንዱ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ ስሙ መሀል ላይ ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ስቴሮይድ ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ ክርንና ጉልበት ላይ ለሚወጣ ችፌ እኔም አዝዘዋለሁ። ፊት ላይ በየቀኑ ለወራት ሲቀባ ግን አራጣ አበዳሪ ነው። መጀመሪያ የተለጠጡትን የደም ሥሮች ጭምድድ ያደርግና ፊቱን ያጠራል፤ ተአምር ያሉት ያን ነው። ከዚያ ቆዳውን እያሳሳ ይሄዳል። ያቆሙት ቀን የደም ሥሮቹ ባንዴ ይከፈታሉ፤ ወለዱ ይጠየቃል። ሰው ደንግጦ እንደገና ይቀባል፤ ዕዳው ይከማቻል። ሮዛሺያ ኖሮበት የማያውቅ ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ሮዛሺያ የሚመስል ፊት ያወጣል፤ የነበረበት ደግሞ ይብስበታል።

ስለዚህ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ክሬም በፊት ቤትዎ ያለው ይቁም። ብቻዎን አይደለም፤ እንደ ጥንካሬው ባንዴ ወይም ቀስ በቀስ ሐኪም እያየ ነው የሚቆመው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ፊት ያብጣል፣ ይፋጃል፣ ሽፍታው ይበዛል። አንዲት ታካሚዬ ጥር ላይ፣ የእህቷ ሠርግ አሥር ቀን ሲቀረው አቁማ፣ በሦስተኛው ቀን መስታወት አይታ እንደገና ተቀባች። አልፈረድኩባትም፤ በሠርግ ሰሞን አቁሚ ያልኳት እኔ ነኝ። እርስዎ የሚቀርብ እረፍት ካለዎት በዚያ ይጀምሩት፤ ካለዚያ ተማሪዎችዎ «ቲቸር፣ ፊትሽ ምን ሆነ?» ማለታቸው አይቀርም። እረፍቱ ሩቅ ከሆነ ግን አይጠብቁ።

ጠይም ነኝ ብለው መጻፍዎ ጠቅሞኛል። ይህ በሽታ መጻሕፍቱ ላይ «ቀይ ፊት» ተብሎ ነው የሚጀምረው፤ ፎቶዎቹም አብዛኞቹ የነጮች ናቸው። ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይሸሻል፤ ጨርሶ የማይታይበትም ጊዜ አለ። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ጠላ ነጋዴ «ፊቴ ይፋጃል» ብላ መጣች። የቀይ ዳማ እንኳ አትባልም፣ ደህና አድርጋ የጠየመች ሴት ናት። ሽፍታዋን አየሁና ብጉር ነው ብዬ የሚያደርቅ የብጉር ቅባት ሰጠኋት። በሳምንቱ ፊቷ ተላልጦ ተመለሰች። አልተቆጣችኝም፤ «አንቺ ልጅ፣ ይፋጃል አልኩሽ እኮ፤ ያሳክካል አላልኩሽም» ነበር ያለችው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ብቻ አላምንም። ታካሚዬን መስኮት ዳር አስቀምጣለሁ። የላቦራቶሪ መስታወት ጉንጩ ላይ ጫን አድርጌ ደሙ ሲሸሽና ሲመለስ አያለሁ። በእጄ ጀርባ መጀመሪያ ጉንጩን፣ ቀጥሎ አንገቱን ነክቼ ሙቀቱን አመዛዝናለሁ። ብጉር ላይ የማይጠፋውን ጥቁር ነጥብ እፈልጋለሁ፤ ሮዛሺያ ያ ነጥብ የለውም፤ እርስዎም «ሲጨምቁት ምንም የለውም» ብለውኛል። (እባክዎ መጭመቁን ግን ይተዉት።) እናትዎንም አልቆጣም፤ ከፀሐይ ገብቶ ወዲያው የሚነድ ፊት በጎንደር ቋንቋ ምች ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ዳማከሴው ግን ለዚህ ፊት አይሆንም፤ የተቆጣ ቆዳ ማሸት አይወድም።

አሁን ወደ 83 በመቶው። ልጁ አልዋሸም፤ ቁጥሩ አለ። አፍ ለአፍ ሲሄድ ግን ትርጉሙ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ የአውሮፓ ጥናት 962 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን 1 በመቶ ኢቨርሜክቲን ክሬም በቀን አንዴ፣ ሌላው 0.75 በመቶ ሜትሮኒዳዞል ክሬም በቀን ሁለቴ ለ16 ሳምንት ተቀባ። ሽፍታውን የሚቆጥሩት ሐኪሞች ማን የትኛውን እንደሚቀባ አያውቁም። በመጨረሻ የሽፍታው ቁጥር በኢቨርሜክቲን 83.0 በመቶ፣ በሜትሮኒዳዞል 73.7 በመቶ ቀነሰ። እንግዲህ ከ100 ሰው 83ቱ ዳነ ማለት አይደለም። 30 ሽፍታ የነበረበት ፊት በአዲሱ መድኃኒት 5 ያህል፣ በአሮጌው 8 ያህል ቀረው ማለት ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ሽፍታ ነው።

ከዚያም ፊታቸው የጠራላቸውን መድኃኒት አቁመው ለ36 ሳምንት ተከታተሏቸው። ኢቨርሜክቲን ከተቀቡት 62.7 በመቶው፣ ሜትሮኒዳዞል ከተቀቡት 68.4 በመቶው ተመለሰባቸው። እስኪመለስ የቆየው ጊዜ መካከለኛው 115 ቀን እና 85 ቀን ነበር። ይህን ክፍል ማንም ለዘመዱ አይልክም። ሮዛሺያ ይገራል እንጂ ተነቅሎ አይጠፋም፤ «ያድናል» የሚለውን ቃል ለዚህ በሽታ እኔ አልጠቀምበትም።

ሌላም አለ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ። ኢቨርሜክቲን ክሬም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ሲፈቀድ መሠረት የሆኑት ሁለት ጥናቶች በ683 እና በ688 ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። የማወዳደሪያው ቡድን የተቀባው መድኃኒቱ የወጣለትን ባዶ ክሬም ነበር። በ12 ሳምንት መድኃኒቱን የተቀቡት ሽፍታ 75 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ባዶውን ክሬም የተቀቡትስ? 50 በመቶ። ምንም መድኃኒት ሳይኖረው ግማሹ ሄደ! በከፊል በሽታው ራሱ ወጣ ገባ ስለሚል ነው፤ ሰው ሲብስበት ነው ለጥናት የሚመዘገበው። በከፊል ግን ያ ባዶ ክሬም ባዶ ስላልሆነ ነው፤ የተሰነጣጠቀ ቆዳን ያለሰልሳል። ለዚህ ነው ታካሚዎቼን የልብስ ሳሙናውን አስጥዬ፣ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ጠዋትና ማታ አስቀብቼ ለአንድ ወር የምጠብቃቸው። «ዶክተሯ ቅባት ብቻ ሰጥታ ሸኘችኝ» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ።

ኢቨርሜክቲን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። መተማ በኩል የኖረ ሰው ጥቁር ዝንብ ለምታስተላልፈው የዓይነ ስውርነት በሽታ ሲታደል ክኒኑን ያውቀዋል፤ ያገኙትም ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ክሬሙ የሚሠራው ቁጣውን በማብረድና ዴሞዴክስ የሚባሉትን በዓይን የማይታዩ ነፍሳት በመቀነስ ነው። እነሱ በሁላችንም ፊት ላይ የሚኖሩ ናቸው፤ ሮዛሺያ ባለበት ፊት ላይ ይበዛሉ እንጂ የንጽሕና ጉድለት አይደሉም። ገበሬው ደግሞ ኢቨርሜክቲንን የከብት መርፌ አድርጎ ያውቀዋል፤ እዚህ ላይ ነው የምፈራው። የከብቱን መድኃኒት ፊቱ ላይ የቀባ ሰው አክሜያለሁ። ሌላዋ ደግሞ ለአሜባ የተሰጣትን የሜትሮኒዳዞል ክኒን በሙቀጫ አድቅቃ ከቫዝሊን ጋር ለውሳ ይዛልኝ መጣች። ብልሃቷን አደነቅኩ፤ ጉንጯ ግን በአሸዋ የታሸ መስሏል። ለፊት ተብሎ የተሠራውን እንጂ ቤት የተቀመመውን አይጠቀሙ።

ያስልኩ አያስልኩ ለሚለው፦ ስቴሮይዱ ሳይቆም አያስልኩ። ከቆመና ነገሩ ከረጋ በኋላ ሽፍታው ከቀጠለ ጥሩ ክሬም ነው፤ ሜትሮኒዳዞል ክሬም ወይም አዜላይክ አሲድ የሚባለውን ቅባት ካገኙም አይከፉ። ሽፍታው ከበዛ ከመድኃኒት ቤት የማይጠፋው፣ የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊን አለ። 91 ሰዎች በተሳተፉበት አንድ ጥናት ሁሉም የሜትሮኒዳዞል ጄል እየተቀቡ ግማሾቹ በቀን 40 ሚሊግራም፣ ግማሾቹ 100 ሚሊግራም ወሰዱ፤ ለፊቱ እኩል ሠራ፣ ሆድ ያስቸገረው ግን 100ው ነው። 40ው ባክቴሪያ ለመግደል የሚበቃ መጠን አይደለም፤ ቁጣ ነው የሚያበርደው። መጠኑን ሐኪምዎ ይወስናል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ካሰቡ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሲወስዱት በብዙ ውኃ፣ ከወተት አርቀው፣ ወዲያውም ሳይተኙ።

እነዚህ ሁሉ ግን ለሽፍታው ናቸው፤ ለንዳዱ አይደሉም። ድሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ፣ ሮዛሺያ በአራት ዓይነት ተከፍሎ ነበር የሚታከመው፤ ከ2017 ወዲህ ባለሙያዎቹ ሰውየውን ሳጥን ውስጥ ከመክተት ፊቱ ላይ ያለውን ምልክት አንድ በአንድ ማከም ይሻላል ብለዋል። ለቅላት ብሪሞኒዲን ጄል በ2013፣ ኦክሲሜታዞሊን ክሬም በ2017 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል፤ የደም ሥር ለሰዓታት ያጠባሉ፣ ብሪሞኒዲን አንዳንዱ ሰው ላይ ሲለቅ ቅላቱን ያብሳል። መድኃኒቶቹ የተለኩት ግን ሐኪም በዓይኑ በሚያየው ቅላት ነው። የማይታይ ቅላት ያለበት፣ የሚፋጅ ጠይም ፊት በዚያ ሚዛን ላይ ዜሮ ሊባል ነው። ይህ ይቆጨኛል። ንዳዱን ራሱን ያነጣጠረ ጥናት ዴንማርኮች በ2024 አሳትመዋል፤ ለማይግሬን የሚወጋውን ኤሬኑማብ ለ30 ሰዎች ሰጥተው ንዳዱ ቀነሰላቸው። የማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ባዶው ክሬም ምን እንደሠራ ካነበቡ በኋላ ይህ ለምን እንደሚያስጠነቅቀኝ ይገባዎታል። ተስፋ አለው፤ ለአሁኑ ግን ከዚያ አያልፍም።

ቡናው! እኔም ከሦስተኛው ስኒ በፊት የማልነሣ ሰው ነኝና ይህን ጥያቄ በአድልዎ ነው የምመልሰው። እ.ኤ.አ. በ1981 ጆናታን ዊልኪን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሮዛሺያ ያለባቸውን ሰዎች ሰብስቦ በየተራ አጠጣቸው፦ 60 ዲግሪ የሞቀ ቡና፣ 22 ዲግሪ የቀዘቀዘ ቡና፣ 60 ዲግሪ የሞቀ ተራ ውኃ፣ ከዚያም ለብቻው ካፌይን። ፊታቸው የነደደው በትኩሱ ቡናና በትኩሱ ውኃ ነው። ቀዝቃዛው ቡናና ካፌይኑ ምንም አላደረጉም። ጥፋተኛው ሙቀቱ ነው እንጂ ቡናው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ 82,737 አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ወጣ፤ 4,945ቱ ሮዛሺያ ያዛቸው። በቀን 4 ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት፣ በወር አንድ እንኳ ከማይሞሉት ይልቅ በ23 በመቶ ያነሰ ነው የያዛቸው። ካፌይን በወጣለት ቡና ላይ ይህ አልታየም። ቡና መድኃኒት ነው አላልኩም፤ የተያዘን ሰው ስለማከም አላጠናም። ግን ጀበናዎን ለመስበር የሚያበቃ ማስረጃ የለም።

እንዲህ ያድርጉ። አቦሉ ሲቀዳ ስኒውን ተቀብለው ያስቀምጡት፤ ወሬው ይቅደም። ከንፈርዎ ላይ ሲነካ የማይፋጅ ሲሆን ይጠጡት። ከፍሙም ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ የሚያፈላው ሰው ጉንጭ ከጠጪው ይልቅ ነው የሚጠበሰው፤ ጀበናውን ለሌላ ያስተላልፉ። እናትዎ «የቀዘቀዘ ምኑ ቡና ነው» ይሉ ይሆናል፤ በእኔ ያሳብቡ። በርበሬና ሚጥሚጣም የሙቀት ዘመድ ናቸው፤ ያ የሚያቃጥለው ነገር ሙቀትን የሚያውቀውን የነርቭ በር ራሱን ነው የሚያንኳኳው። ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አይከልክሉ፤ እርስዎ ደብተር አያያዝ ያውቃሉ። ለሁለት ሳምንት የበሉትን፣ የጠጡትን፣ የጋገሩበትን ሰዓትና ፊትዎ የነደደበትን ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፉ። አንዷ ታካሚዬ በርበሬ ነው ብላ ስትማረር ደብተሩ ያጋለጠው ምጣዱን ነበር፤ መስኮት በሌለው ማድ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። ጃንጥላውን የሽማግሌ ነገር ነው ብለው አይናቁት። የፀሐይ መከላከያ ከገዙ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን፣ ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ፤ እሱ ብዙም አያቃጥልም። ዓይንዎን ግን ችላ አይበሉ፤ ሮዛሺያ ዓይንም ይይዛል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ትራኮማ ስላለ የዓይን ሐኪም የዓይን ቆብዎን ገልብጦ ይይልዎ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ማራኪ ግቢ የምማር ተማሪ ነኝ። ዋሽንግተን የሚኖረው አጎቴ ለሮዛሺያ አዲስ ክሬም ጥናት እንዲገባ ተጠይቋል። ዕጣ ይወጣል፣ ግማሹ ሰው መድኃኒት የሌለው ክሬም ይደርሰዋል ብለውታል። ይህ ሰውን የሙከራ አይጥ ማድረግ አይደለም? እዚህስ እንዲህ ይደረጋል?

መልስ

ወንድሜ፣ ከላይ ለመምህርቷ የጻፍኩትን ካነበብክ ግማሹን መልስ አግኝተሃል። ያ ባዶ ክሬም ባይኖር ኖሮ ያ 50 በመቶ ሁሉ ለመድኃኒቱ ይቆጠርለት ነበር። እኔ የምጠይቀው ባዶውን በመቀባቱ አጎትህ ምን ያጣል የሚለውን ነው። ሮዛሺያ ያሠቃያል፣ ያሳፍራል፤ በ12 ሳምንት ግን አይገድልም። ስለዚህ ይፈቀዳል። የሚገድል በሽታ ቢሆን ሌላ ነው፤ ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። ካላዛር የሚባለው ገዳይ በሽታና ኤችአይቪ አብረው የያዟቸውን ሰዎች ሕክምና ለማሻሻል በዚሁ በጎንደርና በአብደራፊ ጥናት ተደርጎ ነበር። እዚያ ባዶ መድኃኒት የደረሰው ሰው የለም፤ አንዱ ቡድን አምቢሶም የሚባለውን መርፌ ብቻ፣ ሌላው መርፌውን ሚልቴፎሲን ከሚባለው ክኒን ጋር ነው የወሰደው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱ ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ። በመርፌና በክኒን የተሳተፉት የእኛው ሰዎች ናቸው፤ አይጥ ብዬ ልጠራቸው አልችልም። በአገራችን እንዲህ ያለ የመድኃኒት ሙከራ ያለ ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴና ያለ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አይጀመርም።

አጎትህ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ቤቱ ወስዶ ያንብብ፤ እዚያው ፈርም የሚለው ካለ ይነሣና ይውጣ። የሚጠቀምበትን መድኃኒት ስንት ሳምንት አስቀድሞ ማቆም እንዳለበት፣ ጉዳት ቢደርስበት ማን እንደሚያሳክመው፣ ጥናቱ ሲያልቅ ክሬሙን የማግኘት መብት ይኖረው እንደሆነ ይጠይቅ። ምክንያት ሳይሰጥ በፈለገው ቀን የመውጣት መብት አለው። ፊቱን ፎቶ ያነሡታል፣ ሽፍታውን ይቆጥሩታል፣ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጡታል፤ 0 እና 1 የጠራ ወይም ሊጠራ የደረሰ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በእኔ ስም ይጠይቅልኝ፦ ጠይም ፊት ላይ ቅላትን በምን ነው የምትለኩት? ትክክለኛ መልስ ካላቸው ይግባ ባይ ነኝ። እነዚህ ጥናቶች ውስጥ የእኛ ዓይነት ፊት በጣም ጥቂት ነው።

ጥያቄ

ዶክተር ልጄ፣ 63 ዓመቴ ነው፣ የአዘዞ ሰው ነኝ። አፍንጫዬ ከዓመት ዓመት እየወፈረ፣ እየተጎረባበጠ መጣ። ሰው አይቶኝ «አረቄው ነው» ይላል። ከበዓል ጠላ በቀር አልቀምስም። ስም ጠፋብኝ።

መልስ

አባቴ፣ ስምዎን ያጠፋው የቆየ የፈረንጅ አጉል እምነት ነው፤ እዚህም ደርሷል። ሮዛሺያ የቆየበት አፍንጫ፣ በተለይ የወንድ፣ የቅባት እጢው እየፋፋ ይወፍራል፤ አረቄ ያልቀመሰም ይደርስበታል። መጠጥ ንዳዱን ያነሣሣ ይሆናል እንጂ አፍንጫ አያወፍርም። የወፈረውን ቅባት አይመልሰውም፤ የሚቀንሰው በቀዶ ሕክምና ወይም በሌዘር ተገርዞ ነው፤ ውጤቱም ደህና ነው።

ግን ሳላይዎት ሮዛሺያ ነው አልልም። በእኛ ደጋ አገር ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደል አጠገብ የኖረ ሰው አፍንጫና ጉንጭ በቁንጭርም እንዲህ ይወፍራል፤ የአሸዋ ዝንብ ናት የምታስተላልፈው፣ ሕክምናውም ፍጹም ሌላ ነው። ሥጋ ደዌም እንዲሁ ሊመስል ይችላል፤ እሱም ይድናል። ከቆዳው በምላጭ ጫፍ ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ አያምም ለማለት ባልደፍርም ቶሎ ያልቃል። ልጅ ሳሉ ወይም ለእርሻ የት የት እንደኖሩ አስበው ይምጡ። አንድ ያረጀ ፎቶም ይያዙልኝ፣ የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ይበቃል፤ አፍንጫዎ ከየት እንደጀመረ ልይ።